እናምርተው ወይስ እንግዛው? የአንባቢዎች ጥያቄና የዓምዱ መልስ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው አራት ደብዳቤዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም አንድ ድርጅት የሚያስፈልገውን ግብዓት ወይም አገልግሎት ራሱ ያዘጋጅ ወይስ ከሌላ ይግዛ የሚለው ነው። ከግብዓት ወደ ምርት፣ ከምርት ወደ ሽያጭ የሚያመሩ ተከታታይ ደረጃዎችን በአንድ ባለቤት ሥር ማጠቃለልን ከዚህ በታች «ተዋረዳዊ ውህደት» እንለዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «በአንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ ነኝ። የማሸጊያ ካርቶን የምንገዛው ከሌላ አምራች ነው። የምንከፍለውን ዋጋ 100 ብንለው፣ ማሽን ተክለን ራሳችን ብናመርት አንዱ ካርቶን 82 እንደሚፈጅብን አስልተናል። ዋና ሥራ አስኪያጃችን የአቅራቢው ትርፍ ለእኛ ሊቀር ይገባል፣ በዚያ ላይ የአቅርቦት መቆራረጥ ሥጋት ይወገድልናል ይላሉ። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ስሌታችን ምን ጎድሎታል?»

መልስ፦ ልብዎ ያልተቀበለው በምክንያት ነው። አያይዘው በላኩልን ዝርዝር መሠረት 82 የሚለው ቁጥር ሁለት ክፍል አለው፤ 70ው ለወረቀት፣ ለማጣበቂያ፣ ለኤሌክትሪክና ለቀጥተኛ ጉልበት የሚወጣ ተለዋዋጭ ወጪ ሲሆን፣ 12ቱ የማሽኑን የእርጅና ተቀናሽ፣ የጥገና ሠራተኞችን ደመወዝና የመሳሰሉትን የያዘ ቋሚ ወጪ ነው። ይህ 12 የተገኘው ግን ዓመታዊው ቋሚ ወጪ፣ ማሽኑ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ለሚያወጣው የካርቶን ብዛት ተካፍሎ ነው። በዚያው ዝርዝር ግርጌ ደግሞ የኩባንያው ዓመታዊ ፍላጎት ከማሽኑ አቅም 30 በመቶውን ብቻ እንደሚሸፍን ተጽፏል። ያንኑ ቋሚ ወጪ ትክክለኛው ፍላጎታችሁ ብቻውን ሲሸከመው በአንድ ካርቶን ላይ የሚያርፈው 12 ሳይሆን 40 ይሆናል፤ ጠቅላላ ወጪውም 110 ይደርሳል። ከአቅራቢው ዋጋ ጋር እኩል ለመሆን እንኳ ማሽኑን ቢያንስ በ40 በመቶ አቅሙ ማሠራት ይጠበቅባችኋል። አቅራቢያችሁ ይህ ችግር የለበትም፤ የብዙ ደንበኞችን ትእዛዝ አሰባስቦ ማሽኖቹን ሌት ተቀን ያሠራልና። ትርፉን ካርቶን ለሌሎች እንሸጣለን የሚል መልስ ከተሰጠዎት፣ ገዢዎቹ እነማን እንደሆኑ ይጠይቁ። ካርቶን በብዛት የሚፈልጉት ተወዳዳሪዎቻችሁ ከሆኑ፣ በየወሩ ምን ያህል ምርት ሊያወጡ እንዳሰቡ የሚገልጥ ትእዛዝ ለተፎካካሪያቸው ለማስረከብ የሚቸኩሉ አይመስለንም።

የሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያ መከራከሪያ፣ ማለትም የአቅራቢው ትርፍ ለእኛ ይቅር የሚለው፣ በየቦርዱ ስብሰባ የሚሰማና ላይ ላዩን ሲታይ የማይነቀፍ ሐሳብ ነው፤ ሲመረመር ግን አይቆምም። ትርፍ ተብሎ የሚጠራው ገንዘብ አብዛኛው ክፍል በካርቶን ፋብሪካው ላይ የታሰረው ካፒታል ሌላ ቦታ ቢውል ሊያስገኝ ይችል የነበረው ተመላሽ ነው። ማሽኑን ስትገዙ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ያንን ትርፍ የሚጠይቀውን ካፒታልም አብራችሁ ትሸከማላችሁ። በዝርዝርዎ ላይ የባንክ ወለድ ያልተመዘገበው ማሽኑ በኩባንያው የራሱ ገንዘብ ስለሚገዛ ነው ብለዋል፤ ሆኖም የራስ ገንዘብ በነጻ የሚገኝ ገንዘብ አይደለም። በእርግጥ አቅራቢው ተወዳዳሪ የሌለው ሆኖ ከሚገባው በላይ የሚያስከፍል ከሆነ ጉዳዩ ይለያል፤ እናንተ ግን ሦስት ሌሎች የካርቶን አምራቾች በየዓመቱ ዋጋ እንደሚያቀርቡላችሁ ጽፈዋል።

ስለ አቅርቦት ዋስትና የተነሳው ሁለተኛ መከራከሪያ የበለጠ ክብደት አለው። ቢሆንም የራስ ምንጭ መያዝ ሥጋትን አያስወግድም፤ የሥጋቱን ዓይነት ይለውጠዋል። ሄንሪ ፎርድ የጎማ ዋጋ በሌሎች እጅ መሆኑ ስላሳሰበው በ1928 በብራዚል፣ በታፓዦስ ወንዝ ዳር፣ ፎርድላንዲያ የተባለ ሰፊ የጎማ ተክል ልማት አስጀመረ። ዛፎቹ ተቀራርበው በመተከላቸው በጫካ ውስጥ ተራርቀው ሲበቅሉ ያን ያህል የማይጎዳቸው የቅጠል በሽታ በፍጥነት ተዛመተባቸው፤ ኩባንያውም የተመኘውን ጎማ ሳያገኝ ልማቱን በ1945 ለብራዚል መንግሥት በትንሽ ገንዘብ አስረክቦ ወጣ። መኪና መሥራት የቻለ ኩባንያ የጎማ ዛፍ ማሳደግ አልቻለም። የእናንተም ማሽን ሲበላሽ መለዋወጫ እስኪመጣ የሚያቆያችሁ ካርቶን የሚሸጥላችሁ ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በችግር ጊዜ ብቻ ከሚመጣ ደንበኛ ይልቅ ነባር ደንበኞቹን ያስቀድማል።

እንግዲህ ካርቶን ይገዛ እንላለን፤ ከአንድ አቅራቢ ሳይሆን ከሁለት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ግብዓት ይገዛ ማለት አይደለም። ኪርክ ሞንቴቨርዴ እና ዴቪድ ቲስ በ1982 ባሳተሙት ጥናት ጄኔራል ሞተርስና ፎርድ የሚጠቀሙባቸውን 133 የመኪና ክፍሎች መርምረው ነበር። ያገኙትም አንድን ክፍል ለመንደፍ የሚጠይቀው የምህንድስና ሥራ እየበዛ በሄደ ቁጥር ኩባንያዎቹ ክፍሉን ራሳቸው ወደ ማምረት ማዘንበላቸውን ነው። ምክንያቱም ያንን ዕውቀት ከአቅራቢ ጋር አብሮ ያዳበረ ኩባንያ ከዚያ በኋላ አቅራቢውን በቀላሉ መለወጥ አይችልም። ካርቶናችሁ ይህን መሰል ዕውቀት የሚጠይቅ አይደለም፤ የምግባችሁ ቅመማ ግን ምናልባት ይጠይቅ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «እኔ በአቅራቢው ወገን ያለሁ ሰው ነኝ። የፕላስቲክ ክፍሎች የሚያመርት መካከለኛ ድርጅት አለኝ። አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ አምራች ለእርሱ ምርት ብቻ የሚያገለግል ሞልድ፣ ማለትም ፕላስቲኩ የሚቀረጽበትን ቅርጽ ማውጫ፣ እንዲሁም ማሽን እንድገዛ፣ በምትኩም የአምስት ዓመት ውል እንደሚፈርምልኝ ነግሮኛል። የውሉ ረቂቅ ዋጋው በየዓመቱ ‹በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ይከለሳል› ይላል። ጠበቃዬ ውሉ ጤናማ ነው ብለውኛል። ልፈርም?»

መልስ፦ ጠበቃዎ የተናገሩት ከሕግ አንጻር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ከኢኮኖሚ አንጻር ግን እርስዎ ራስዎ የጠቀሱት ያ ሐረግ ውሉን የአምስት ዓመት ሳይሆን የአንድ ዓመት ውል ያደርገዋል። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ገዢው ዋጋው በሩብ ካልቀነሰ አልስማማም ቢል ምን ያደርጋሉ? ሞልዱንና ማሽኑን በ100 ገዝተው ለሌላ ቢሸጧቸው 20 ብቻ የሚያወጡ ከሆነ፣ ቀሪው 80 ከዚህ አንድ ገዢ ጋር ካልሠሩ በስተቀር ዋጋ የለውም። ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ገዢው ከብዙ አምራቾች አንዱን መራጭ፣ እርስዎም ከብዙ ደንበኞች አንዱን መራጭ ነበራችሁ፤ ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ግን እርስዎ ምርጫ አልባ ይሆናሉ። ገዢው ይህን ስለሚያውቅ፣ ጥሬ ዕቃዎንና የሠራተኛ ደመወዝዎን ሸፍኖ ጥቂት የሚያስተርፍ ማንኛውም ዋጋ እንደሚቀበሉ ያውቃል። በ2009 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ከኤሊኖር ኦስትሮም ጋር የተጋራው ኦሊቨር ዊሊያምሰን የሥራ ዘመኑን ያዋለው በአብዛኛው ይህን ዓይነቱን የእጅ ጥምዘዛ በማጥናት ነው። የደረሰበትም ድምዳሜ ለአንድ ግንኙነት ብቻ የሚበጅ ሀብት እየጨመረ ሲሄድ ተራ ግዢ እየቀረ፣ በመጀመሪያ ረጅም ውል፣ ቀጥሎም የጋራ ባለቤትነት እየተመረጠ ይሄዳል የሚል ነው።

በዚህ መስክ ደጋግሞ የሚነሳው ታሪክ የጄኔራል ሞተርስና የመኪና አካል አምራቹ የፊሸር ቦዲ ነው። በ1919 ጄኔራል ሞተርስ ከፊሸር ጋር የአሥር ዓመት ውል ፈረመ፤ የመኪና አካል በሞላ ጎደል ከፊሸር ብቻ ሊገዛ፣ ዋጋውም የምርት ወጪ ላይ 17.6 በመቶ ተጨምሮ ሊሰላ ተስማሙ። በዚያው ዓመት የፊሸርን 60 በመቶ ድርሻ ገዛ፤ ቀሪውንም በ1926 ጠቀለለ። ቤንጃሚን ክላይን፣ ሮበርት ክሮፎርድና አርመን አልቺያን በ1978 ባቀረቡት ትንታኔ ያ ቀመር ፊሸርን ወጪው እንዲያብጥ የሚገፋፋው ስለነበር፣ በተለይም ፋብሪካዎቹን ከጄኔራል ሞተርስ መገጣጠሚያዎች አጠገብ ለመትከል ፈቃደኛ ባለመሆኑ፣ ገዢው ኩባንያውን ከመጠቅለል ሌላ መውጫ አላገኘም አሉ። ታሪኩ ለማስተማር እጅግ የተመቸ በመሆኑ በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። ሮናልድ ኮዝ ግን በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ የወቅቱን ሰነዶች ጠቅሶ ፊሸር ገዢውን አስገድዶ ነበር የሚለውን አስተባበለ፤ በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ተቃውሞ አቀረቡ። በእኛ አስተያየት ኮዝና ተከታዮቹ በታሪኩ ላይ የበላይነቱን ይዘዋል፤ ንድፈ ሐሳቡ ግን በዚህ አንድ ታሪክ ላይ የቆመ አይደለም።

የተሻለው ማስረጃ ከአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ገበያ የመጣ ነው። ፖል ጆስኮው የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ከከሰል ማዕድን ባለቤቶች ጋር የፈረሟቸውን በርካታ ውሎች አነጻጽሮ ውጤቱን በ1987 አሳተመ። ማዕድኑ አፍ ላይ የተተከለ ማመንጫ ከሌላ ቦታ ከሰል ማምጣት ስለሚከብደው፣ ማዕድኑም ሌላ ገዢ አጠገቡ ስለሌለ፣ ሁለቱ ወገኖች ከሌሎቹ ይልቅ በጣም ረጅም ለሆነ ዘመን የሚጸኑ ውሎችን ይፈርማሉ። በእነዚህ ውሎች ዋጋ በየጊዜው «በስምምነት» ከሚከለስ ይልቅ ከታወቁ የወጪ መለኪያዎች ጋር ተያይዞ በቀመር የሚስተካከልበት አሠራር የተለመደ ነው።

ስለዚህ የምንመክርዎ አለመፈረም ሳይሆን ሦስት ነገሮችን ማስለወጥ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሞልዱ በገዢው ገንዘብ ተገዝቶ የገዢው ንብረት እንዲሆንና እርስዎ ዘንድ በአደራ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው፤ ይህ በመኪና ኢንዱስትሪ የተለመደ አሠራር ሲሆን፣ የሚጠመዘዘውን እጅ ከእርስዎ ያነሳል። በእርግጥ ያን ጊዜ ገዢው ሞልዱን ነቅሎ ወደ ሌላ አምራች ሊወስደው ይችላል፤ የሚያጡት ግን ሥራ እንጂ ካፒታል አይሆንም። ሁለተኛ፣ ዋጋው ከፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የገበያ ዋጋና ከኤሌክትሪክ ታሪፍ ጋር በቀመር ይታሰር፤ ቀመሩ ግን እንደ ፊሸር ውል በእርስዎ ወጪ ላይ በመቶኛ የሚጨምር አይሁን፤ ገዢው እንዲህ ያለውን ቢቃወም እውነት አለውና። ሦስተኛ፣ ገዢው ቢወስድም ባይወስድም የሚከፍለው ዝቅተኛ ዓመታዊ መጠን ይኑር። ገዢው ሦስቱንም እምቢ ካለ የሥጋቱን ዋጋ በእርስዎ ላይ ጥሎ ርካሽ ዕቃ ሊገዛ የሚፈልግ ደንበኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ የሚፈረምለት የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብቻውን ማሽኑን የሚመልስ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ «የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ውል እንዲህ አደገኛ ከሆነና ባለቤትነት ችግሩን የሚፈታ ከሆነ፣ ኩባንያዎች ለምን ሁሉንም ነገር አይጠቀልሉም?»

መልስ፦ ጥያቄዎን ኮዝ ገና በ1937 ባሳተመው ጽሑፉ አንስቶት ነበር፤ በ1991 የኖቤል ሽልማት ያገኘበትም አንዱ ሥራ ይኸው ነው። የኮዝ መልስ በገበያ መገበያየት ወጪ እንዳለው ሁሉ በትእዛዝ ማስተዳደርም ወጪ አለው፣ የድርጅቱም ድንበር ተጨማሪ አንድ ሥራ በውስጥ ማከናወን ከውጭ ከመግዛት ጋር እኩል የሚያስወጣበት ቦታ ላይ ይቆማል የሚል ነበር። መልሱ ትክክል ቢሆንም የማስተዳደር ወጪ ምን እንደሆነ በበቂ አይነግረንም። ባለቤቱ አንድ ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ማዘዝ ይችላል፤ ታዲያ ምን ይጠፋል?

በመጀመሪያ ደንበኛን የማጣት ፍርሃት ይጠፋል። የራስ ክፍል የሆነ አቅራቢ ዕቃው ዘግይቶ ወይም ተበላሽቶ ቢመጣ ሒሳቡ በስብሰባ ይዘጋል እንጂ ውሉ አይሰረዝም፤ የውስጥ ዝውውር ዋጋውም፣ ማለትም አንዱ ክፍል ለሌላው ዕቃ ሲያስረክብ የሚታሰበው ዋጋ፣ የሚወሰነው በክፍል ኃላፊዎች ጉትጎታ ይሆናል። ከዚህ ጠለቅ ያለውን መልስ የሰጡት ሳንፎርድ ግሮስማንና ኦሊቨር ሃርት በ1986 ናቸው፤ ሃርት ሐሳቡን በ1990 ከጆን ሙር ጋር አስፋፍቶታል። እነርሱ እንደሚሉት የትኛውም ውል የወደፊቱን ሁሉ አይጽፍም፤ ባለቤትነት ማለትም ውሉ ዝም ባለበት ቦታ በንብረቱ ላይ የመወሰን መብት ነው። ገዢው አቅራቢውን ሲጠቀልል ያ መብት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም። ትናንት በራሱ ፋብሪካ ላይ አዲስ ዘዴ ሲፈለስፍ ውጤቱ የእርሱ ይሆን የነበረው ባለቤት፣ ዛሬ ተቀጣሪ ሲሆን ፍሬውን አለቃው ሊወስድበት እንደሚችል ያውቃል፤ ስለዚህም ያን ያህል አይደክምም። በመሆኑም ባለቤት መሆን ያለበት ጥረቱ ለጋራው ውጤት ይበልጥ ወሳኝ የሆነው ወገን ነው።

የቦይንግ ታሪክ ድንበሩ በሁለቱም በኩል ሊሳት እንደሚችል ያሳያል። ኩባንያው ለ787 አውሮፕላኑ ትላልቅ ክፍሎችን መሥራት ብቻ ሳይሆን ዝርዝር ንድፋቸውንም ጭምር ለአቅራቢዎች ሰጠ። በ2008 ሊጀመር የታቀደው ርክክብ የተፈጸመው በመስከረም 2011 ነበር። መዘግየቱ አንድ ምክንያት ብቻ አልነበረውም፤ ሆኖም ቦይንግ በ2009 በሳውዝ ካሮላይና ከአቅራቢዎቹ የአንዱን ፋብሪካ መግዛቱ የትኛው ምክንያት እንዳስጨነቀው ይናገራል። በ2005 የሸጠውንና በኋላ ስፒሪት ኤሮሲስተምስ የተባለውን የአውሮፕላን አካል አምራች ደግሞ በ2024 መልሶ ለመግዛት ተስማማ። በሌላ በኩል ታይዋናዊው የማይክሮቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ በ1987 ሲመሠረት የራሱን ቺፕ ነድፎ እንዳይሸጥ መወሰኑ ጥቅም ሆኖለታል፤ ንድፋቸውን በአደራ የሚሰጡት ኩባንያዎች አምራቹ ተፎካካሪ እንደማይሆንባቸው ስለሚያውቁ ነው። ሌላው የቺፕ ኩባንያ ኤኤምዲም በ2009 ፋብሪካዎቹን ለይቶ ንድፍ ላይ ብቻ አተኩሯል። ጆርጅ ስቲግለር በ1951 እንዳስረዳው አንድ ኢንዱስትሪ ገና ጨቅላ ሳለ ሌላ ሠሪ ስለማይገኝ ኩባንያዎች ሁሉን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ገበያው ሲሰፋ ግን እያንዳንዱን ደረጃ ብቻውን ይዞ የሚያድግ ድርጅት ይወጣል።

ጥያቄ፦ «አንዱ መምህራችን ተዋረዳዊ ውህደት ዋጋ ይቀንሳል፣ ሌላው ደግሞ ሞኖፖልን ያጠናክራል ይሉናል። የትኛውን እንያዝ?»

መልስ፦ ሁለቱም መምህራን ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ሁኔታ ነው። የመጀመሪያውን በቁጥር እንይ። ገዢዎች የሚወስዱት ብዛት ከ100 ላይ ዋጋው ሲቀነስ የሚገኘው ነው እንበል፤ አንዱን ዕቃ ለማምረት የሚወጣው 20 ይሁን። አምራቹም ቸርቻሪውም እያንዳንዳቸው አንድ ብቻ ሲሆኑ፣ አምራቹ ትርፉ ከፍ የሚልለት በ60 ሲሸጥ ነው፤ ቸርቻሪው በዚያ ላይ የራሱን ትርፍ ጨምሮ በ80 ይሸጣል። የሚሸጠው 20 ዕቃ፣ የአምራቹ ትርፍ 800፣ የቸርቻሪው 400፣ በድምሩ 1200 ይሆናል። ሁለቱ ቢዋሃዱ ግን የሚመርጡት ዋጋ 60 ነው፤ 40 ዕቃ ተሸጦ 1600 ትርፍ ይገኛል። ሸማቹም ሻጩም ተጠቀሙ ማለት ነው። ጆሴፍ ስፔንግለር ይህን በ1950 ሲያሳይ ብዙ የሕግ ሰዎች ውህደትን በጅምላ ይጠረጥሩ ነበር። ሆኖም ይህን ጥቅም ለማግኘት መዋሃድ ግድ አይደለም፤ አምራቹ ዕቃውን በወጪው በ20 ሰጥቶ ቸርቻሪውን 1000 ቋሚ ክፍያ ቢያስከፍለው ዋጋው እኩል ወደ 60 ይወርዳል፤ ቸርቻሪውም 600፣ አምራቹም 1000 ይዘው ሁለቱም ከቀድሞው ይሻላሉ።

የሁለተኛው መምህር ሥጋት የሚነሳው ቸርቻሪው ወይም ተከታዩ አምራች ተፎካካሪዎች ሲኖሩትና እነርሱም ያንኑ ግብዓት ከዚያው አቅራቢ ሲገዙ ነው። ከውህደቱ በኋላ አቅራቢው ለተፎካካሪዎቹ ዋጋ የመጨመር ወይም የመከልከል ምክንያት ያገኛል፤ እነርሱ ሲዳከሙ የሚሸሹት ደንበኞች ወደ ራሱ ቤት ይመጣሉና። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2017 የቴሌኮምና የቴሌቪዥን ሥርጭት ኩባንያው የኤቲ ኤንድ ቲና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባለቤቱ የታይም ዋርነርን ውህደት ለማስቆም ፍርድ ቤት ሲሄድ ያቀረበው ይህንኑ ነበር፤ የተዋሃደው ኩባንያ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹን ለተፎካካሪ አሠራጮች በውድ ይሸጣል በማለት። መሥሪያ ቤቱ በ2018 ተረታ፣ በ2019 በይግባኝም ተረታ፤ ኤቲ ኤንድ ቲ ግን የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉን በ2022 ራሱ ለይቶ አወጣው። ለፈተናችሁ የሚበጀው፣ የቀረበላችሁን ጉዳይ ስታዩ በመጀመሪያ በሁለቱም ደረጃዎች ላይ ዋጋ የመወሰን አቅም መኖሩን፣ ቀጥሎም ተፎካካሪዎች ሌላ አቅራቢ ማግኘት መቻላቸውን መመርመር ነው። በአንዱ ደረጃ ላይ በቂ ውድድር ካለ የመጀመሪያው መምህር የሚናገሩለት የዋጋ ቅናሽ አይኖርም፤ ሌላ አቅራቢ በበቂ ካለ ደግሞ የሁለተኛው መምህር ሥጋት አይደርስም። ሁለቱም ኃይሎች በአንድ ጊዜ በሚሠሩበት ጉዳይ ላይ ውጤቱ የሚታወቀው በስሌት ብቻ ስለሆነ፣ መልሳችሁን በቁጥር ደግፉት።